የዘረት ሙታን በክብር ይረፉ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት ባህልና ቱሪዝም ቢሮ
ለሰሜን ሸዋ ዞን አስተዳደር

ጉዳዩ፦ በመንዝ ዘረት ዋሻ በ1931 ዓ.ም. ላለቁ ወገኖች የቅርስ ጥበቃ፣ የቀብርና የመታሰቢያ ጥያቄ ስለማቅረብ

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

ዘረት በሰሜን ሸዋ፣ የመንዝ ደጋ ተቆርጦ ወደ ወንዝ ሸለቆ በሚወርድበት ገደላማ አገር፣ በቀያ በኩል የምትገኝ የገበሬ መንደር ናት። በአቅራቢያዋ፣ በገደሉ ላይ፣ የአካባቢው ሰው አመፀኛ ዋሻ የሚለው ሰፊ ዋሻ አለ። ሚያዝያ 1 ቀን 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በዚህ ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞች፣ ቁስለኞች፣ ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ላይ የመርዝ ጋዝ ለቀቀ። ዕለቱ ፋሲካ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ እጃቸውን የሰጡት ወንዶች ተረሸኑ። ይህ ሁሉ ከሆነ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል። የሟቾቹ ቁጥር በወጉ አልተጣራም፤ ስማቸው ተሰብስቦ በአደባባይ አልተነበበም፤ የሞቱበት ዕለትም ከአገሪቱ የመታሰቢያ ቀናት አንዱ አይደለም። ደብዳቤው የተጻፈው ይህ እንዲታረም ለመጠየቅ ነው።

መንዝ በስተደቡብ በሞፈር ወንዝ፣ በምዕራብና በሰሜን በአዳባይ፣ በወንጪትና በቀጨኔ ሸለቆዎች፣ በምሥራቅ ደግሞ ወደ ይፋት በሚያዘቀዝቀው የተራራ ሰንሰለት የታጠረ አገር ነው። ደጋው 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይዘራበታል፤ በግ ይረባበታል፤ ከጸጉሩም ባናና ዝተት ይሠራል። ቤቱ ከድንጋይ ይካባል። ወደ ወንዞቹ ሲወረድ አገሩ ይለወጣል፤ ሜዳው በአንድ ጊዜ ያልቅና ገደል ይጀምራል፤ ከገደሉ ሥር በጋውን ሁሉ የማይነጥፍ ውኃ ይወርዳል። በሸለቆው አፋፍ ላይ የሰፈረ ሰው ከደጋው እህሉን፣ ከወንዙ ውኃውን፣ በክፉ ቀን ደግሞ ከገደሉ መሸሸጊያውን ያገኛል። ለአርበኞች የተመቸውም ይኸው አቀማመጥ ነው።

ሙሶሊኒ ጦርነቱ አልቋል ብሎ የኢጣሊያን የምሥራቅ አፍሪካ ግዛት ያወጀው ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። በሸዋ ግን ጦርነቱ አላለቀም። ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ፣ በኋላ ራስ፣ በቡልጋ፣ በተጉለት፣ በመንዝና በመርሐቤቴ እየተዘዋወሩ አምስቱን ዓመት ሙሉ ተዋጉ። ይህ ትግል በጠመንጃ ብቻ የቆመ አልነበረም። ስንቁን የሚፈጨው፣ ውኃ የሚቀዳው፣ ቁስለኛ የሚያስታምመው፣ ወሬ የሚያቀብለውና የተዋጊውን ልጅ የሚያሳድገው የመንደሩ ሰው ነበር። የኢጣሊያ አዛዦችም ይህን በሚገባ ያውቁ ስለነበር ዘመቻቸው በአርበኛው ላይ ብቻ ሳይሆን በመንደሩም ላይ ነበር። ቤት ይቃጠል፣ እህል ይወድም፣ ከብት ይነዳ ነበር። ቤቱ የተቃጠለበት ቤተሰብ ደግሞ አርበኛውን ተከትሎ ከመሸሽ በቀር ምርጫ አልነበረውም።

በ1931 ዓ.ም. መጋቢት መጨረሻ ወደ ዘረት ዋሻ የገቡት እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው። ከራስ አበበ አረጋይ ጦር ኋላ ስንቅና ቁስለኛ ይዞ የሚጓዝ፣ ቤተሰብም የሚከተለው ወገን ነበር። በኮሎኔል ኦርላንዶ ሎሬንዚኒ የሚመራ የኢጣሊያ ጦር ተከታትሎ ደረሰና ከበባቸው። የዋሻው አፍ በገደል የተጠበቀ በመሆኑ መትረየስና መድፍ ሊያስወጣቸው አልቻለም። በዚህ ጊዜ ከሳቮያ ግራናቲየሪ ክፍለ ጦር የኬሚካል ምድብ ወታደሮች ተጠሩ።

በዋሻው ላይ የዋለው በአርሴኒክ የተሠራ ጋዝ የያዘ የመድፍ ጥይትና የሰናፍጭ ጋዝ፣ በሌላ ስሙ ይፔሪት፣ ነው። ይፔሪት ጋዝ ይባል እንጂ በመደበኛ የአየር ሙቀት ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ይወርዳል፤ ነፋስ በማይደርስበት ቦታም ለቀናት ይቆያል። የነካው ሰው ወዲያው ሕመም ስለማይሰማው ከመርዙ መሐል ቶሎ አይሸሽም። ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል፣ ዓይኑ ያብጣል፣ ሳንባው ይቆስላል። ሜዳ ላይ ያለ ሰው ሊሮጥ ይችል ይሆናል፤ መውጫው በመትረየስ በተዘጋ ዋሻ ውስጥ ያለ ሰው፣ በተለይም ልጅ ያዘለች እናትና መነሣት የማይችል ቁስለኛ፣ የሚሄዱበት የለም።

በዋሻው የነበረው ወገን መሪና ጥቂት ተዋጊዎች በሌሊት ከበባውን ሰብረው አመለጡ። የቀሩት ሚያዝያ 3 ቀን እጃቸውን ሰጡ። በኢጣሊያ ወታደራዊ ሰነዶች ላይ የተመሠረተው የታሪክ ጸሐፊው የማቴዮ ዶሚኒዮኒ ጥናት እጃቸውን ከሰጡ በኋላ የተረሸኑትን ብቻ 800 ያህል ያደርሳቸዋል። በጋዙ ያለቁት ሲጨመሩ የሟቾቹ ቁጥር ከ1000 እንደሚበልጥ ይገመታል፤ በአካባቢው የሚነገረው ደግሞ ከዚህም እጅግ ይልቃል። በአንድ የመንዝ ሸለቆ ውስጥ ይህን ያህል ሰው በሦስት ቀን ሲያልቅ የሚጎዳው የዚያ ትውልድ ብቻ አይደለም። አራሽ የሌለው መሬት፣ ወራሽ የሌለው ቤት፣ አባትና እናቱን ባንድ ቀን ያጣ ልጅ ለአሥርት ዓመታት የሚዘልቅ ጉዳት ነው።

ወንጀሉ በዚያን ዘመን ሕግም ወንጀል ነበር። የመርዝ ጋዝን በጦርነት መጠቀም የሚከለክለውን እ.ኤ.አ. የ1925 የጄኔቫ ፕሮቶኮል ኢጣሊያ በ1928፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ1935 ተቀብለውታል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. ሰኔ 1936 በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቀርበው በሕዝባቸው ላይ የዘነበውን መርዝ ሲናገሩ የሰማቸው እንጂ የረዳቸው አልነበረም። የዘረቱ ግፍ የተፈጸመው ከዚያ ንግግር ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀር ነው። ስለዚህ ዘረት ለታሪክ የሚሰጠው ምስክርነት የተለየ ነው፤ ጋዙ በማይጨው ዘመቻ ብቻ ሳይሆን ጦርነቱ አብቅቷል ከተባለም በኋላ፣ በተከበቡ ቤተሰቦች ላይ፣ መዋሉን ያሳያል። የኢጣሊያ መንግሥት ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እንደ አንጄሎ ዴል ቦካ ያሉ የራሱ አገር የታሪክ ጸሐፊዎች ለብዙ ዓመታት ከተሟገቱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ዘረት ወደ ዓለም አቀፍ የታሪክ ጥናት የገባችው ዘግይታ ነው። ዶሚኒዮኒ በሮም የጦር ቤተ መዛግብት ያገኛቸውን ሰነዶች ተከትሎ በ1998 ዓ.ም. ወደ ዋሻው መጣ። ቀጥሎም አልፍሬዶ ጎንዛሌዝ ሩይባል፣ ዮናታን ሳህሌና ሹርሾ አያን ዋሻውን በአርኪዮሎጂ ዘዴ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2011 ጥናታቸውን አሳተሙ። በኬሚካል ምድቡ ውስጥ የነበረው የኢጣሊያ ሃምሳ አለቃ የአሌሳንድሮ ቦአሊዮ ማስታወሻም እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። በዚህ መንገድ የገዳዩ ወገን ሰነድ፣ የዓይን ምስክሩ ማስታወሻና የዋሻው ወለል እርስ በርሳቸው ተመሳከሩ።

ተመራማሪዎቹ በዋሻው ውስጥ ያገኙት ከሰው አጽምና ከጥይት ቀለህ ሌላ የቤት ዕቃ ነው፤ የወፍጮ ድንጋይ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ከሣርና ከአለላ የተሰፋ ዕቃ፣ ቁርጥራጭ ቆዳ። የወፍጮ ድንጋይ ከባድ ነው፤ ለአንድ ሌሊት የሚሸሽ ሰው ተሸክሞት አይወጣም። ዕቃው የሚናገረው በዋሻው ውስጥ እንደ ቤት እየተፈጨ፣ እየተጋገረ፣ ልጅ እየጠባ ይኖር እንደነበረ ነው። የኢጣሊያ አዛዦች ሪፖርት በዚያ የነበሩትን በጅምላ አማፂ ሲል ጻፈ፤ የወፍጮው ድንጋይ ግን ቤተሰቦች እንደነበሩ ይመሰክራል። የዋሻው ደረቅ አየር ይህን ሁሉ ለአሥርት ዓመታት ጠብቆታል። ዋጋውም ያለው እያንዳንዱ ነገር በወደቀበት ቦታ ሲገኝ ነው። አንድ ጎብኚ ቀለሁን አንሥቶ ኪሱ ቢከተው፣ አጽሙን ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ቢያዛውረው፣ ማን የት እንደቆመና ማን የት እንደወደቀ የሚናገረው ማስረጃ ዳግመኛ አይገኝም።

ቅሬታው በአራት ነጥብ ሊጠቃለል ይችላል።

የመጀመሪያው አገሪቱ የጠላትን ወረራ የምታስብበት ልማድ ነው። በየዓመቱ የካቲት 12 የሰማዕታት ቀን፣ ሚያዝያ 27 የድል ቀን በአዲስ አበባ ሐውልቶች ሥር ይከበራሉ፤ መከበራቸውም ይገባል። በግንቦት 1929 ዓ.ም. የተፈጸመው የደብረ ሊባኖስ ግፍም በመጠኑ ይታወቃል። የአዲስ አበባውን ግፍ የውጭ አገር ዲፕሎማቶች አይተውታል፤ ደብረ ሊባኖስም ታላቅ ገዳም ነው። ዘረት ያለቁት ግን ገበሬዎች ናቸው፤ ያያቸው ዲፕሎማት፣ የሚጽፍላቸው ጋዜጠኛ አልነበረም። መታሰቢያ ታይቶ ለታወቀ ሞት ብቻ የሚሰጥ ከሆነ አብዛኛው የአምስቱ ዓመት መሥዋዕትነት ሳይታሰብ ይቀራል።

ሁለተኛው የቋንቋ ጉዳይ ነው። ስለ ዘረት የተጻፉት ዋና ዋና ጥናቶች በኢጣሊያንኛና በእንግሊዝኛ ናቸው። የገዳዩን ማስታወሻ የሮም አንባቢ ከመጻሕፍት መደብር ገዝቶ ያነበዋል፤ የዘረት ተማሪ ግን በአያቶቹ ላይ የደረሰውን በቋንቋው የሚያነብበት የተሟላ መጽሐፍ የለውም።

ሦስተኛው ጊዜው እያመለጠ መሆኑ ነው። በ1931 ዓ.ም. የአሥር ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር ከዘጠና አምስት ዓመት በላይ ነው። የቀረው የልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ትዝታ ነው፤ እርሱም ካልተመዘገበ በአንድ ትውልድ ውስጥ ይጠፋል። የሟቾች ስም እስካሁን ያለው በቤተሰብ ዘንድ ብቻ ነው፤ ቤተሰብ ሲበተንና ሽማግሌ ሲያልፍ ስሙም ያልፋል።

አራተኛው የአጽሙ ነገር ነው። በአገሩ ወግና በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሙት ይገነዛል፣ ይፈታል፣ አርባውና ተዝካሩ ይወጣል። በፋሲካ ዕለት በመርዝ ለሞቱት ይህ አልተደረገላቸውም። አጽም ሳያርፍ መቅረቱ ለአንድ ተመራማሪ የጥናት ጥያቄ ሊሆን ይችላል፤ ለልጅ ልጆቻቸው ግን ያልተከፈለ ዕዳ ነው።

ሕጉ ለዚህ ሁሉ መንገድ አለው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን የመመዝገብ፣ የመጠበቅና የማጥናት ኃላፊነትን ለባለሥልጣኑ ሰጥቷል፤ የአርኪዮሎጂ ይዘት ያለውን አካባቢ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ የተከለለ ስፍራ ማድረግ እንደሚቻልም ደንግጓል። ቅርስ ሲባል ጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና አብያተ መንግሥት ቀድመው ይታሰባሉ። ዘረት ግን የሃያኛው መቶ ዓመት ታላቅ ወንጀል ማስረጃ እንደተጣለ የተገኘበት ቦታ ነው፤ እንዲህ ያለ ስፍራ በዓለም ላይ ብዙ አይደለም።

የሌሎች አገሮች ልምድም የሚያስተምር ነው። በፈረንሳይ በግላን ወንዝ ዳር ያለችው የኦራዱር መንደር እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1944 በናዚ ወታደሮች ስትቃጠል ከ640 በላይ ሰዎች አለቁ። የፈረንሳይ መንግሥት ፍርስራሿ እንዳይነካ ወስኖ አዲሷን መንደር ከጎኗ ሠራ፤ የተቃጠሉት ቤቶች እስከ ዛሬ እንደቆሙ ናቸው። በኢጣሊያም በሬኖ ወንዝ ሸለቆ፣ በማርዛቦቶ አካባቢ፣ በዚያው ዓመት መጸው ወደ 770 የሚሆኑ ሰዎች በጀርመን ወታደሮች ተገደሉ። ኢጣሊያ አጽማቸውን በክብር አሳርፋ መታሰቢያ አቆመች፤ እ.ኤ.አ. በ2002 የጀርመኑ ፕሬዚዳንት ዮሐንስ ራው ወደ ማርዛቦቶ ሄደው በአገራቸው ስም ኀዘናቸውንና ኀፍረታቸውን ገለጹ። ለራሷ መንደሮች ይህን የተቀበለች አገር ለዘረትም ተመሳሳዩን እንድታደርግ መጠየቅ ተገቢ ነው። ጥያቄው የሚመዘነው ግን ኢትዮጵያ አስቀድማ ለዘረት ባደረገችው ነው። የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው ጥያቄው ከመንግሥት ወደ መንግሥት ሳይቋረጥ በመቅረቡ እንደነበረም የሚታወስ ነው።

በእነዚህ ምክንያቶች የሚከተሉት በአክብሮት ይጠየቃሉ።

1ኛ፤ ዋሻውና ዙሪያው በአገር አቀፍ ቅርስነት እንዲመዘገብ፣ በአዋጁም መሠረት የተከለለ ስፍራ እንዲሆን፤ እስከዚያው ከአካባቢው ነዋሪዎች መካከል ጠባቂ እንዲመደብና ዕቃም ሆነ አጽም እንዳይነሣ በመግቢያው ላይ በአማርኛ ግልጽ ማስታወቂያ እንዲቆም።

2ኛ፤ ያልፈነዳ ጥይትና የኬሚካል ቅሪት መኖር አለመኖሩ በባለሙያ እንዲመረመር፤ ቦታውን የሚያዩት እረኞችና ተማሪዎች ደኅንነት ከሁሉ ይቀድማልና።

3ኛ፤ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች፣ የቤተ ክርስቲያን አባቶችና የሟቾቹ ዘመዶች በአንድነት ተቀምጠው ጥናቱ እንዴት እንደሚጠናቀቅና አጽሙ መቼና የት በሥርዓት እንደሚያርፍ እንዲወስኑ። ጥናትና ቀብር እርስ በርስ የሚቃረኑ አይደሉም፤ ቅደም ተከተል ብቻ ይፈልጋሉ።

4ኛ፤ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የቃል ታሪኩን እንዲሰበስብና ከቤተሰብ በተገኘ ምስክርነት የሟቾች የስም መዝገብ እንዲያዘጋጅ። የመዝገቡ አንድ ቅጂ በኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣ ሌላው በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ሊቀመጥ ይገባል።

5ኛ፤ በሮም የጦር ቤተ መዛግብት የሚገኙት ስለ ዘረት የተጻፉ ሰነዶች ቅጂ በዲፕሎማሲ መንገድ እንዲጠየቅ፤ ሰነዶቹና እስካሁን የታተሙት ጥናቶችም ወደ አማርኛ እንዲተረጎሙ።

6ኛ፤ ሚያዝያ 1 ቀን በየዓመቱ በዞኑ እንዲታሰብ፣ በሚያዝያ 27 የድል በዓልም የዘረት ስም እንዲነሣ፤ ታሪኩም በትምህርት ቤት መጻሕፍት እንዲገባ ለትምህርት ቢሮና ለትምህርት ሚኒስቴር ሐሳብ እንዲቀርብ።

7ኛ፤ እስካሁን በእናንተ መሥሪያ ቤቶች የተጀመረ ጥናት፣ ዕቅድ ወይም በጀት ካለ ለሕዝቡ በይፋ እንዲገለጽ። በሚያውቀው ሥራ ላይ ሕዝቡ ማስረጃም ጉልበትም ሊጨምር ይችላል።

አካባቢው ያለበት የጸጥታ ችግር የመስክ ሥራን እንደሚያከብድ ግልጽ ነው። ከተዘረዘሩት ውስጥ ግን ሰነድ መጠየቅ፣ ማስተርጎም፣ የምዝገባ መዝገብ መክፈትና የትምህርት ይዘት ማዘጋጀት በቢሮ የሚሠሩ ናቸው። በከተማ ከሚኖሩ የመንዝ ተወላጆችም የቃል ምስክርነት መቀበል ይቻላል። የሚቻለውን ዛሬ መጀመር፣ የማይቻለውንም ሰላም እስኪሰፍን በዕቅድ ይዞ መጠበቅ ማንንም አይጎዳም።

የጥበቃው ሥራ ለመንዝ ሕዝብ አዲስ አይደለም። ከደጋው ራስ ላይ ያለውን የጓሳ ሣር ምድር አባቶች ሣሩ የሚታጨድበትንና ከብት የሚገባበትን ጊዜ ወስነው፣ የጣሰውንም ቀጥተው በጋራ ሕግ ለመቶዎች ዓመታት ጠብቀውታል። ሥርዓቱ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም ጓሳ ዛሬም በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ስፍራ ነው። ይህን የቻለ ሕዝብ የዘረትን ዋሻ በአደራ ቢቀበል ይጠብቀዋል። ከመንግሥት የሚፈለገው የሕግ ከለላ፣ የባለሙያ ድጋፍና መጠነኛ በጀት ነው። ወደ ዋሻው የሚሠራው መንገድ፣ የሚቀጠረው ጠባቂና አስጎብኚ፣ የሚመጣው እንግዳ የሚከፍለውም ለመንደሩ ይተርፋል።

ጥያቄዎቹ ለየመሥሪያ ቤታችሁ በሕግ ከተሰጠው ሥልጣን የማይወጡ ናቸው። ከመጪው ሚያዝያ 1 በፊት የትኛው እንደሚፈጸም፣ የትኛው እንደሚዘገይና የዘገየው በምን ምክንያት እንደሆነ በይፋ ምላሽ እንደምትሰጡ በአክብሮት ይጠበቃል።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለቱሪዝም ሚኒስቴር
ለትምህርት ሚኒስቴር
ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ